ግዙፍ ፓይተን፦ በመስታወት ጀርባ ማየት ወይስ ቤት ማሳደግ? ለሚያመነታ ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

ፍላፊን ያየኋት በ2009 በኦሃዮ፣ በኮሎምበስ መካነ እንስሳት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሟ በእንግሊዝኛ ለስላሳና ጸጉራም ነገር የሚጠራበት ቃል ሲሆን፣ እሷ ግን 7.3 ሜትር የምትረዝም፣ 136 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ በጀርባዋ ላይ የዓሣ ማጥመጃ መረብ የተነጠፈ የሚመስል ጥለት ያለባት፣ ባለመረብ ፓይተን የምትባል የደቡብ ምሥራቅ እስያ እባብ ነበረች። ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ከእሷ ይልቅ ሰዉን ስመለከት ቆየሁ። ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል፤ ወላጆቻቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል። ነጠላ የለበሰች አንዲት የአገሬ ሴት አማተበች። ከዚያ ግን አልሄደችም፤ ከሁላችንም በላይ ረጅም ጊዜ ቆማ አየቻት።

ዘንድሮ የ12 ዓመት ልጄ ከሌላ መካነ እንስሳት ጉብኝት ተመልሶ፣ «አባዬ፣ እኔም ፓይተን ላሳድግ» አለኝ። እምቢ ማለት ቀላል ነበር። ልጁ ግን የጠየቀኝ ከልቡ ነው፤ በቂ መልስ ይገባዋል ብዬ ማንበብ፣ አርቢዎችንና የእንስሳት ሐኪምን ማነጋገር ጀመርሁ። የደረስሁበትን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ ግዙፉን ፓይተን በጥሩ መካነ እንስሳት ሄዶ ማየት ይሻላል፤ እባብ ቤት ማኖር የግድ ከሆነ ደግሞ ከትንንሾቹ ዝርያዎች መምረጥ ይገባል። ከሦስት ሜትር በላይ የሚያድገውን ቤት ማስገባት ለሰውም ለእንስሳውም በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ገመድ ይቁረጡ

ሱቅ ውስጥ ዝርያዎቹን ማነጻጸር ያሳስታል። ከእንቁላል የወጣ የበርማ ፓይተን ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ጣት ይቀጥናል፣ መዳፍ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። አጠገቡ ያለው የቦል ፓይተን ጫጩትም ከእሱ ብዙ አያንስም። ልጅ ሁለቱን እያየ የሚመርጠው በቀለማቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በሚገባ የተመገበው የበርማ ፓይተን ሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ሙሉ ሴት ስትሆን ከአራት እስከ አምስት ሜትር ትደርሳለች። ሌላኛው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ይቆማል።

ስለዚህ እኔና ልጄ ከዕቃ መደብር ገመድ ገዝተን በአዋቂ መጠናቸው ልክ ቆረጥን፤ አንዱን አምስት ሜትር፣ አንዱን አንድ ሜትር ተኩል። ሁለቱንም ለአንድ ወር ቤት ውስጥ ዘርግተን ተውናቸው። አምስት ሜትሩ ከሳሎን ሶፋ ተነሥቶ በኮሪደሩ አልፎ ወጥ ቤት ገባ። በእንግድነት የመጣች አክስቱ ማታ መብራት ሳታበራ ረግጣው ጮኸች፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው እውነት ነው። ልጄ ግን በሦስተኛው ቀን ያለማንም ጉትጎታ፣ «የት ነው የሚተኛው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን ገመድ ቢዘረጋ እመክራለሁ።

ገመዱ የማይነግረን ክብደቱን ነው። አምስት ሜትር የሆነ የበርማ ፓይተን የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል ይመዝናል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ጡንቻ ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ከሁለት ሜትር ተኩል ያለፈን ጠቅላይ (ተጠምጥሞ የሚገድል) እባብ ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ አይንካ ይላሉ። ዕድሜውም ሌላ ነው። ፓይተን በእንክብካቤ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። የ12 ዓመት ልጅ 32 ዓመቱ እስኪሆን ማለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እባቡ ከማን ጋር እንደሚቀር አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የት ማየት ይሻላል?

ፍላፊ በኦክቶበር 2010 ሞተች። በተከታዩ ዓመት በሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ የምትኖር ሜዱሳ የተባለች ባለመረብ ፓይተን በጊነስ መዝገብ በምርኮ ካሉት እባቦች ሁሉ ረጅሟ ተብላ ተመዘገበች፦ 7.67 ሜትር፣ 158.8 ኪሎ ግራም። ስትለካ ቀጥ አድርገው የያዟት 15 ወንዶች ናቸው። ዝርያቸው አንድ ነው፤ መጠናቸውም የተቀራረበ ነው። ሜዱሳ ግን ለሕዝብ የቀረበችው ሰዎች ሊፈሩ ከፍለው በሚገቡበት የሃሎዊን የአስፈሪ ቤት ትርኢት ውስጥ ነው። የፍላፊ ተመልካች ስሟን እየጠራ፣ ምን ትበላለች፣ ስንት ዓመቷ ነው እያለ ወጣ። በአስፈሪ ቤት የሚታይ እባብ ተመልካቹ ይዞት የገባውን ፍርሃት አጽንቶ ይመልሰዋል። ሁለቱን ማነጻጸር የጀመርሁት ከዚህ ነው፤ ልጅዎን የሚወስዱበት ቦታ ከእንስሳው እኩል ያስተምረዋልና።

ቁጥሮቹንም አይመኑ። ትልቅነት ተመልካች ይጠራል፤ ተመልካች ገንዘብ ያመጣል፤ ስለዚህ ሜትሩ ይለጠጣል። በፒትስበርግ የነበረው ኮሎሰስ የተባለ ባለመረብ ፓይተን ከ8.6 ሜትር በላይ ነው ሲባል ለአሥርት ዓመታት ኖረ። በኢሊኖይ ትታይ የነበረችው ቤቢ የተባለች የበርማ ፓይተንም ከስምንት ሜትር በላይ ነች ይባል ነበር። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የተገኘው ርዝመት በ2012 በወጣ ጥናት ታርሟል፦ ኮሎሰስ 6.35 ሜትር፣ ቤቢ 5.74 ሜትር። የቤቢ ክብደት ግን በሕይወት ሳለች በጊነስ የተመዘገበ 182.76 ኪሎ ግራም ነው፤ እውነቱ ብቻውን የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ ማጋነን ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ከሁሉ የባሰው በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት የታየው ነው። ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ እባብ ተያዘ ተብሎ በ2003 መጨረሻ ዓለም ሁሉ ዘገበው፤ ጋዜጠኛ ሜትር ይዞ ሄዶ ሲለካው ሰባት ሜትር ያህል እንኳ መሆኑ አጠራጠረ። ከ30 ጫማ፣ ማለትም ከ9.14 ሜትር በላይ የሆነ ጤነኛ እባብ በሕይወት ላመጣ ሰው በኒው ዮርክ የተዘጋጀው ሽልማት ከቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን 1,000 ዶላር ተነሥቶ 50,000 ዶላር ደርሶ ነበር። እስኪሰረዝ ድረስ የወሰደው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ትርኢት ሲመርጡ ምን ይመልከቱ? እኔ መጀመሪያ የማየው ገንዳውን ነው። ባለመረብ ፓይተንም አናኮንዳም ሙሉ ሰውነታቸውን ውኃ ውስጥ ማስገባት ይወድዳሉ፤ ገንዳው እግር መታጠቢያ የሚያህል ከሆነ ቦታው የተሠራው ለተመልካች ነው። ከዚያ መደበቂያ እፈልጋለሁ። እንስሳው ከሰው ዓይን ዞር ማለት የሚችልበት ጨለማ ጥግ ያለበት ትርኢት ላይ ምናልባት ጭራውን ብቻ አይተው ይመለሳሉ፤ እኔ ይህን የጥራት ምልክት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ጎን ሊኖረው ይገባል። ጽሑፉ ዝርያውን፣ አገሩን፣ ምግቡን ይናገር። በአሜሪካ ኤዜድኤ፣ በአውሮፓ ኢኤዜድኤ የሚባሉት የመካነ እንስሳት ማኅበራት የጥራት ዕውቅና ስላላቸው ከመሄድዎ በፊት ቦታው አባል መሆኑን መጠየቅ ይጠቅማል።

በመዝናኛ ስፍራና በገበያ ማዕከል ፓይተን አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ ማንሣትን ግን ከነጭራሹ አልመክርም። እንስሳው ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል፤ አንዳንዴም እንዳይነክስ አፉ በፕላስተር ይታሰራል። ልጅዎ ከዚያ የሚማረው እባብ የአንገት ሻርፕ መሆኑን ነው።

እናቴና ዘንዶው

ለእናቴ ጎንደር ደውዬ የልጄን ጥያቄ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ አርዌን በገንዘብህ ገዝተህ ቤትህ ልታስገባ ነው?» አለችኝ።

እናቴ ብቻዋን አይደለችም። በእኛ ዘንድ ፓይተን ከመታየቱ በፊት ዘንዶ የሚል ስም ይቀድመዋል። በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረ የእባብ ንጉሥ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ይወጋዋል። በዮሐንስ ራእይ ታላቁ ዘንዶ ዲያብሎስ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያደገ ሰው መስታወት ፊት ሲያማትብ አልፈርድበትም፤ ራሴም ያደግሁበት ነው።

«እማዬ፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ማን ነው?» አልኋት። ጭራውን አውርዶ ጻድቁን ወደ አምባው ያወጣው ዘንዶ በሥዕሉ ሁሉ አለ፤ በየዓመቱ ጥቅምት 14 ይታሰባል።

«እሱማ የታዘዘ ዘንዶ ነው» አለች። «ያንተን ማን ያዘዋል?»

ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትም አላነበብሁም። ውሻ ይታዘዛል፤ በሬ ይገራል። ፓይተን ሰውን ይለምዳል፤ ሽታውን፣ ሙቀቱን፣ አያያዙን ይለምድና አይነክስም። መልመድና መገራት ግን የተለያዩ ናቸው። በከንፈሩ ዳር ባሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀት ያለውን ነገር በጨለማ ይለያል፤ የአይጥ ሽታ ያለበት የሞቀ እጅ ከቀረበው እጁ የማን መሆኑን አይጠይቅም። መርዝ የለውም። የሚገድለው በመጠቅለልና በመጭመቅ ነው፤ በ2015 በቦአ እባብ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው አየር ከማሳጣቱ በፊት የደም ዝውውርን ያቆማል። ስለዚህ ነው ሁሉም ነገር የሚፈጥነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ2009 በፍሎሪዳ 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በቂ ምግብ ያልተሰጠው የቤት ውስጥ የበርማ ፓይተን ማታ ከማኖሪያው ወጥቶ የሁለት ዓመት ሕፃን ገደለ። በ2013 በካናዳ፣ በኒው ብራንስዊክ ከማኖሪያው ያመለጠ የአፍሪካ ፓይተን የተኙ ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ገደለ። ሁለቱም ቤት ውስጥ የተፈጸሙ ናቸው። የጠፋው ነገር ክዳን፣ መቆለፊያና ጥንቃቄ ነበር፤ እንስሳው እንደ ተፈጥሮው አደረገ።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የበርማ ፓይተን እናት እንቁላሎቿን ተጠቅልላ ታቅፋለች፤ ሲቀዘቅዛቸው ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ትፈጥርላቸዋለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሷም እናት ናት» አለች፤ ስለ አርዌ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ቤት ማኖር የግድ ከሆነ

ባለመረቡን ወዲያው ይሰርዙ። ከአራት እስከ ስድስት ሜትር የሚያድግ፣ ብልህና ፈጣን እንስሳ ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ቦታ ክፍል ነው። አረንጓዴውን አናኮንዳም እንዲሁ፤ ከእባቦች ሁሉ ከባዱ ነው። የበርማ ፓይተን በጠባይ የዋህ ነው ሲባል ይሰማሉ፤ እውነትም ብዙዎቹ ዝም ያሉ ናቸው። የሚያታልለውም ይኸው የዋህነቱ ነው፤ ጥንቸልና ከዚያም የሚበልጥ ምግብ የሚፈልግ፣ እንደ ሰው የሚመዝን እንስሳ የዋህ ሆኖም አንድ ጊዜ ሊሳሳት ይችላል። የእኛው ዘንዶ፣ በቆላ አገራችንም የሚገኘው የአፍሪካ ፓይተን፣ ከአራት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ለቁጣም ቅርብ ነው። እሱን በዱር እንዳለ ማክበር ይበቃል።

ቦአ ኮንስትሪክተር መካከለኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር። ጎልማሳ ሰው፣ የራሱ ቤት ያለው፣ ቀድሞ እባብ ያሳደገ ቢይዘው አልቃወምም። ለልጅ የመጀመሪያ እባብ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ምርጫው በቦል ፓይተንና በኮርን ስኔክ መካከል ይሆናል።

ቦል ፓይተን የምዕራብ አፍሪካ እንስሳ ነው፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። በቤኒን፣ በዊዳ ከተማ እንደ ቅዱስ የሚቆጠሩበት የፓይተኖች ቤተ መቅደስ አለ። ሴቷ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ናት፤ ወንዱ ያንሳል። ቀርፋፋና ዓይነ አፋር ነው፤ እጅ ላይ ጸጥ ይላል። ሁለት ችግሮች አሉት። አንደኛ፣ ምግብ ያቆማል፤ ጤነኛ ሆኖ ለወራት ሳይበላ ባለቤቱን እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ነው። አንድ የግል ባለቤት በ1961 ለሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት የሰጣት ቦል ፓይተን በ2020 ቢያንስ 62 ዓመቷ እንደሆነ ተገምቶ፣ ወንድ ሳይቀርባት ሰባት እንቁላል ጥላለች። የሙቀቱ ጎን 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቀዝቃዛው 26 ገደማ፣ አየሩም እርጥበት ያለው መሆን አለበት፤ ማሞቂያው ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ከቴርሞስታት፣ ውጭ አይሰካ፤ ይህ ካልተደረገ እባቡ ሆዱን ይቃጠላል።

ሲገዙ እዚያው አገር ከተፈለፈሉት ይምረጡ። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን እየተጫኑ የሚመጡት ብዙዎቹ በጥገኛ ተሕዋስያን የተጎዱና ምግብ የሚያስቸግሩ ናቸው። «ስፓይደር» በሚባለው ቀለም የተዳቀለውን ደግሞ እባክዎ አይግዙ። ቀለሙን የሚያመጣው ዘረመል የነርቭ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱም የሚበላውን አይጥ መያዝ ይሳነዋል። ለውበት ተብሎ የተወለደ ሕመም ነው፤ ገዢ ካጣ አርቢው ያቆማል።

ኮርን ስኔክ የሰሜን አሜሪካ እባብ ነው፤ ብርቱካንማ፣ ቀጭን፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር። ፓይተን አይደለም። ሙቀቱ ቀላል፣ ምግብ አፍቃሪ፣ ዕድሜው ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው። ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለልጅ ከኳሱ ይልቅ የሚታይ ነገር አለው። ክዳኑ ካልተቆለፈ ግን በጣት በምታህል ቀዳዳ ይወጣል። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርን ስኔክ ነው፤ ከመንከባከቢያ ማዕከል ባለቤት ያጣ ቦል ፓይተን ከተገኘ ግን እሱን አስቀድማለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለበት ቤት ይቆይ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሳልሞኔላ በተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ምክንያት ይህን በግልጽ ይመክራል። አይጡም በረዶ ሆኖ የተገዛና የቀለጠ ይሁን፤ በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ያቆስለዋል።

ሕጉንም ያነጻጽሩ

አሜሪካ የበርማና የአፍሪካ ፓይተኖችን በ2012፣ ባለመረቡንና አረንጓዴ አናኮንዳን በ2015 ጎጂ የዱር እንስሳት በሚለው ዝርዝር አስገብታ ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ነው። እኔ ባለሁበት በኦሃዮ 3.66 ሜትር የደረሰ ግዙፍ ጠቅላይ እባብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሕጉ የወጣው በ2011 በዜንስቪል አንድ ሰው አንበሶችና ነብሮች ጭምር ከለቀቀ በኋላ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2016 ወዲህ አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ፍሎሪዳ ከጥብቆቹ አንዷ ናት፤ ምክንያት አላት። ከባለቤቶችና ከአርቢዎች የወጡት የበርማ ፓይተኖች በኤቨርግሌድስ ረግረግ ተራብተዋል። በ2012 የታተመ ጥናት በመንገድ ዳር ቆጠራ ከሚታዩት አጥቢ እንስሳት ራኩኖች 99.3 በመቶ፣ ኦፖሰሞች 98.9 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። በ2022 ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጓት አንዲት ሴት 98 ኪሎ ግራም ትመዝን ነበር፤ በሆዷ 122 በማደግ ላይ ያሉ እንቁላሎች ተገኙ። እዚያ ፓይተን ቢጠላ ይገባኛል። አሁን በየዓመቱ እየታደነ የሚገደለው ግን መዳፍ ላይ ተጠቅልሎ የተሸጠው የዚያ ጫጩት ዘር ነው።

ቀድሞ ቤትዎ ከገባስ?

ይህ የመጨረሻው ንጽጽር ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። መካነ እንስሳት ይቀበለኛል ብለው አያስቡ። ፍላፊ ከግል አርቢ ወደ መካነ እንስሳት የገባችው የዓለም ክብረ ወሰን የሚያህል አካል ስለነበራት ነው፤ አራት ሜትር የሆነ የበርማ ፓይተን ይዞ የሚደውል ሰው በየጊዜው ስላለ ብዙዎቹ ቦታ የለንም ይላሉ። የተሳቢ እንስሳት መንከባከቢያ ማዕከላት የተሻለ ዕድል ናቸው፤ ተራ ይኖራል፣ ቀድመው ይደውሉ። በፍሎሪዳ ከ2006 ጀምሮ ባለቤቶች ሕገ ወጥ የሆነውን እንስሳ እንኳ ያለ ቅጣትና ያለ ክፍያ የሚያስረክቡበት የምሕረት መርሐ ግብር አለ። ማንም የማይቀበል ከሆነ በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ጫካ ከመልቀቅ ግን ይሻላል። ለቅቆ መሄድ ለእንስሳው ነጻነት አይደለም፤ በቀዝቃዛ አገር በብርድ ይሞታል፣ በሞቃት አገር ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይጨርሳል።

የሚያስረክቡ ከሆነ ከመጓዝዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል አይመግቡት፤ የበላውን በጉዞ ላይ ያስመልሳል። ስፌቱ ጠንካራ በሆነ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያስገቡት፤ የከረጢቱን አፍ ጠቅልለው ይሰሩ። ከረጢቱን የአየር ቀዳዳ ባለው፣ በሚቆለፍ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያድርጉና በላዩ ላይ ዝርያውን፣ ርዝመቱን፣ መጨረሻ የበላበትን ቀን ይጻፉ። ርዝመቱን ሲጽፉ በሜትር ለክተው ይጻፉ። ሁለተኛ ሰው አብሮዎት ይሂድ።